ኮፈኑ ሥር ያለው ሰውዬ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሜሮን አዲሱን መኪናዋን ይዛ መጣችና ስካይቪው ራንች የሚባል ሰፈር ወዳለው ቤቷ ወሰደችኝ። ገና በሩን ዘግቼ ሳልደላደል አንዲት ሴት ከፊት ለፊት በእንግሊዝኛ ተናገረች። ዞር ብዬ ባይ ማንም የለም።

«ምን አለች?» አልኩ።

«ቀበቶሽን እሰሪ ነው የምትልሽ፣ አያዬ።»

«እሷስ አስራለች?»

ሜሮን መሪውን ይዛ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከኋላ የተቀመጡት ሁለቱ ልጆቿ ግን ምኑ እንደሚያስቅ አልገባቸውም። ትልቁ፣ «አያዬ የሚያወራ መኪና አይታ አታውቅም?» ብሎ ጠየቃት።

አውቃለሁ እንጂ። ዘጠናዎቹ ውስጥ፣ እናታችሁ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ አንድ የበረዶ ወራት ሙሉ አንድ የሚናገር ጥቁር መኪና በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ቤታችን ይመጣ ነበር። ሜሮን ያንን ጊዜ ግማሹን ረስታዋለች። ያልረሳችውንም ለራሷ በሚመች መንገድ ነው የምታወራው። ስለዚህ እኔ ብጽፈው ይሻላል። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ያየሁትን ለመጻፍ ግን ይበቃኛል።

ያን ጊዜ የምንኖረው ቴምፕል የሚባል ሰፈር ውስጥ ከመሬት በታች ያለ ቤዝመንት ተከራይተን ነው። መስኮቱ ጣሪያው ሥር ነበር፤ በረዶ ሲከመር ይሸፈንና ውጪው ብርሃን ያለው ነጭ ግድግዳ ይሆናል። ልጄ ትዕግስት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ የማታ ሺፍት ትሠራለች። ስምንት ሰዓት ላይ ትወጣለች፤ እኛ ከተኛን በኋላ ትገባለች። እኔን ያስመጣችኝም ሜሮንን እንድጠብቅላት ነው። ሜሮን ከትምህርት ቤት ስትመጣ እርጥብ ጓንቷን የማሞቂያው ቀዳዳ ላይ ትዘረጋዋለች፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ በሙሉ የራሰ በግ፣ የራሰ በግ ይሸታል። ያን ሽታ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

ቴሌቪዥኑ ከእኛ በፊት የነበሩት ተከራዮች ጥለውት የሄዱት ነው። እንደ ቁም ሣጥን በእንጨት የተሠራ ነው፤ ሁለት ሆነን መግፋት አልቻልንም። ሲበራ ሰው ሁሉ አረንጓዴ ይሆናል። ጎኑን በጥፊ ስለው ፊታቸው ይመለሳል።

መኪናው ግን ሁልጊዜ ጥቁር ነበር። ዝቅ ያለ፣ እንደተወለወለ ጫማ የሚያብረቀርቅ። አፍንጫው ላይ ቀይ መብራት ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይመላለሳል። ሾፌሩ ፀጉሩ የተከመረ፣ የቆዳ ጃኬት የሚለብስ ረጅም ሰው ነው። መልከ መልካም ነው፣ አልክድም። ግን ችኩል ነው። ነገር ሳያጣራ ሰው ላይ ይሮጣል፤ በሩን ሳይዘጋ ይወርዳል። ቀድሞ የሚያስበው መኪናው ነው። ድምፁ ረጋ ያለ ነው፤ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ እንኳ የማይቆጣ የተማረ ሰው ድምፅ ነው። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አላውቅም፤ ግን ያ ድምፅ ሲናገር ትክክል እንደሆነ አውቅ ነበር።

የሚለውን የምትነግረኝ ሜሮን ናት። ሶፋው ላይ አጠገቤ ተቀምጣ፣ እግሯን ቀሚሴ ውስጥ ደብቃ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል ታስተረጉማለች።

«ምን አለ?»

«‹ጋሼ፣ ቀስ ብለው ይንዱ› አለ።»

«ጎሽ! ጨዋ ነው። እሱስ ምን መለሰለት?»

«‹ዝም በል› አለው።»

«ባለጌ!»

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። ብረት እንደማይናገር አውቃለሁ። ስለዚህ ኮፈኑ ሥር ሰው አለ ማለት ነው። ቀይ መብራቱም ሰውዬው ውጪውን የሚያይበት ቀዳዳ መሆን አለበት። እና መጨረሻ ላይ ሌባው ሲያዝ ሰዎች መጥተው የሾፌሩን እጅ ይጨብጣሉ፤ ቆንጆ ሴት ትስመዋለች። ኮፈኑን ከፍቶ ያንን ሰው አንዴ እንኳ፣ «ና ውጣ፣ አመሰግናለሁ» የሚለው የለም። በጨለማ ታጥፎ፣ የሞተር ሙቀት እየጠበሰው፣ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው።

«አያዬ፣ ሰው የለም እኮ። መኪናው ነው» ትለኛለች።

«ደብዳቤ ጻፊልኝ።»

«ለማን?»

«ለቴሌቪዥኑ ሰዎች። ‹ያንን ሰው አንድ ቀን እንኳ አውጥታችሁ አሳዩት፤ እሱም እናት አለው› በይልኝ።»

ጻፈችልኝ። ቴምብሩን ራሴ በምላሴ ልሼ ለጠፍኩ። መልስ አልመጣም።

እየቆየ መኪናው ስለ ቤት ጉዳይም መናገር ጀመረ። አንድ ቀን ሌቦች እያሳደዷቸው በመሀል፣ «ልጆች ሹራብ ላይ ሹራብ መደረብ የለባቸውም፣ መሮጥ ያቅታቸዋል» አለ። እኔም በማግስቱ አንዱን ሹራብ ተውኩላት። ለሳሏ ነጭ ሽንኩርት ከማር ጋር ወቅጬ ጠዋት ጠዋት እሰጣት ነበር። መኪናው፣ «ነጭ ሽንኩርት የበላ ልጅ ከሩቅ ይሸታል፤ ጠላት በቀላሉ ያገኘዋል» አለ። ይሄን ያህል የተማረ ሰው ከተናገረ ምክንያት ይኖረዋል ብዬ ነጭ ሽንኩርቱንም ቀነስኩ።

በቀለ ባይመጣ ኖሮ የት እንደርስ እንደነበር እንጃ። በቀለ ከላይ ፎቅ የሚኖር ታክሲ ነጂ ነው፤ ለትዕግስት እንደ ታላቅ ወንድም ነው። አንድ ቀን ማሞቂያውን ሊያይልን ወርዶ፣ «ይሄ ነገር አሁንም አለ እንዴ? የሰማንያዎቹ እኮ ነው!» ብሎ ከሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። መኪናው ተናገረ።

«ምን አለ?» አልኩ እንደ ልማዴ።

ሜሮን ወደ ካልሲዋ አጎነበሰች። በቀለ መለሰልኝ፦ «ከፊታችን መንገዱ ተዘግቷል አለ፣ እትዬ ዘነበች።»

«ሾፌሩን ጋሼ አላለውም?»

«ማን? መኪናው?» ሳቀ። «በስሙ ነው የሚጠራው።»

«ስለ ነጭ ሽንኩርትስ የተናገረ ቀን አይተሃል?»

«ስለ ምን?»

ወደ ሜሮን ዞርኩ። የካልሲዋን ቀዳዳ ታጠና ነበር።

«እትዬ፣ ልጅ ናት እኮ፣ ይተዋት» አለ በቀለ።

«የሚያስተረጉም ሰው ምስክር ነው» አልኩት። «እኔ በዚህ አገር ጆሮም አፍም የለኝም፤ ያለችኝ እሷ ናት። እሷ ከዋሸችኝ ምን ቀረኝ?» ቴሌቪዥኑ ለሁለት ሳምንት እንዳይከፈት ፈረድኩ።

ሜሮን ተነስታ ቆመች፤ ፊቷ ቀልቷል። «አንቺም ተሳስተሻል! ኮፈኑ ሥር ማንም የለም!»

«ከእንግዲህ አንቺን ማን ያምናል?» አልኳት። ይሄን ያልኩት ተናድጄ ነው። ስምንት ዓመት ልጅ ላይ ከባድ ቃል ነበር። አላነሳሁትም።

በዚያው ሰሞን ሜሮን ዳቦ ቆሎዬን መውደድ ጀመረች። ከምሳዋ ጋር ትንሽ በላስቲክ አስሬ እሰጣት ነበር፤ ብዙ ጊዜ ግማሹን ትመልሰው ነበር። አሁን ግን በየጠዋቱ፣ «ጨምሪልኝ አያዬ፤ ከቀዩም ከነጩም» ትለኛለች። ቀዩ በበርበሬ የለወስኩት ነው፤ ነጩ ጥቁር አዝሙድ ብቻ ያለበት። አኩርፋ በነበረችበት ጊዜ እጄን መውደዷ ደስ አሰኝቶኝ ሁለት ጊዜ ጠበስኩ። ለትዕግስትም፣ «ልጅሽ ቀስ በቀስ ሐበሻ እየሆነች ነው» ብዬ ጉራዬን ነዛሁ።

አንድ ሐሙስ ሜሮን ዓይኗ አብጦ መጣች። ደብዳቤ ሰጠችኝ።

«ምን ይላል?»

«ነገ ትምህርት ቤት ነይ ይላል።»

«ለምን?»

«አላውቅም።»

ደብዳቤውን ይዤ ደረጃውን ወጣሁ። በቀለ ቆሞ አነበበው፤ ከዚያ ተቀምጦ እንደገና አነበበው። «አንዲት የክፍሏ ልጅ አሻንጉሊት ጠፍቶባት ነበር፣ የሚናገር ትንሽ ጥቁር መኪና። የሜሮን ቦርሳ ውስጥ ተገኘ ነው የሚለው።»

«ሰረቀች ይላል?»

«ያለፈቃድ ወሰደች ይላል።»

«ያው ነው።»

ወርጄ ሜሮንን ፊት ለፊቴ አስቀመጥኳት። «አልሰረቅኩም፤ ተለዋውጠን ነው» አለች። ክሪስታል የምትባለው ልጅ መኪናዋን በሁለት ሳምንት ዳቦ ቆሎ ሸጠችልኝ ነው የምትለው። የክፍያው መጨረሻ አርብ ነበር፤ ክሪስታል ግን መኪናዋን ረቡዕ ላይ አስቀድማ ሰጠቻት። ዛሬ አስተማሪዋ፣ «የክሪስታልን መኪና ያየ?» ስትል ክሪስታል ዝም አለች። የሜሮን ቦርሳ ተከፈተ። አስተማሪዋ በሁሉም ልጆች ፊት፣ «የሰው ዕቃ መስረቅ ነውር ነው» አለቻት።

«እና ልጆቹስ?»

«ሌባ ይሉኛል። ምሳ ሰዓት ላይ ማንም አጠገቤ አልተቀመጠም። አያዬ፣ እመኚኝ።»

ላምናት ፈለግሁ። ግን ስለ ነጭ ሽንኩርቱም የነገረችኝ በዚሁ ድምፅ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ነገሩን ስነግራት ትዕግስት፣ «እማዬ፣ በቃ ይቅርታ ጠይቀሽ ነይ። ለአሻንጉሊት ብዬ ሺፍት መቀየር አልችልም፤ ነገሩም ይረሳል» አለችኝ።

«ካላጠፋች ይቅርታ አትጠይቅም» አልኳት። «ካጠፋች ደግሞ ይቅርታ አይበቃትም።»

ያን ቀን ከበቀለ ጋር ሄድኩ። ለግማሽ ሰዓት ብቻ ነው ከሥራው የወጣው። ነጠላዬን ከካፖርቴ በላይ ደረብኩ። ሰው ዘንድ በባዶ እጅ አልሄድምና ለአስተማሪዋ ዳቦ ቆሎ ያዝኩ፤ ፈረንጅ ያቃጥላታል ብዬ ቀዩን ቤት ትቼ ነጩን ብቻ።

የተቀመጥነው የልጆች ወንበር ላይ ነው፤ ጉልበቴ አገጬ ደረሰ። ክፍሉ ባዶ ነበር፤ ልጆቹ ስፖርት ላይ ናቸው። አስተማሪዋ ወጣት ናት፤ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ይሄንንም መናገር አለብኝ። መኪናዋ ጠረጴዛው ላይ ነበረች፤ መዳፍ የምታክል፣ ጥቁር። ክሪስታል ከወዲያ፣ ሜሮን ከወዲህ። ክሪስታል ፀጉሯ ቀይ፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ቀጭን ልጅ ናት።

አስተማሪዋ ተናግራ ሜሮንን አየቻት፣ አስተርጉሚ ለማለት።

እጄን አነሳሁ። «ይቺ ተከሳሽ ናት። ተከሳሽ አታስተረጉምም። በቀለ፣ አንተ ንገራት፤ ሳትጨምር ሳትቀንስ።»

በቀለ ጉሮሮውን ጠርጎ ነገራት። የተባለውን አንድ በአንድ ሰማን። ሜሮን ተለዋወጥን አለች። ክሪስታል መሬት መሬቱን እያየች፣ «እንዴት ቦርሳዋ ውስጥ እንደገባ አላውቅም» አለች።

«ሜሮን የሚበላ ነገር ሰጥታሽ ታውቃለች ወይ?» በላት አልኩት።

ራሷን ነቀነቀች። በፍጹም።

እንግዲህ አንዷ አለ፣ አንዷ የለም ትላለች። እኔ ምን ልፍረድ? አስተማሪዋም ተቸገረች። ያመጣሁት ዳቦ ቆሎ ትዝ አለኝና ላስቲኩን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «በሉ ቅመሱ» አልኩ።

አስተማሪዋ አንዷን በሁለት ጣቷ አነሳች፤ አገላበጠቻት፤ አሸተተቻት፤ በፊት ጥርሷ ጫፏን ነከሰች። ክሪስታል ግን ሳታይ እጇን እስከ አንጓዋ ከተተች። አንድ ጭብጥ ዘግና አፏ ውስጥ ጨመረች። ቆርጨም፣ ቆርጨም። ከዚያ ላስቲኩን ወደ ራሷ ስባ በጣቷ ማማሰል ጀመረች፤ የሆነ ነገር ትፈልጋለች። አጣችው መሰለኝ ቀና ብላ ሜሮንን አንዲት ነገር ጠየቀቻት።

የበቀለ አፍ ተከፈተ።

«ምን አለች?»

«‹ቀዩስ?› አለች፣ እትዬ።»

ቀዩን የምናውቀው እኔና ሜሮን ብቻ ነን። ቀዩ ቤት፣ ቆርቆሮ ውስጥ ነው ያለው። ይሄንን ተናግሬ በቀለ ለአስተማሪዋ ሲነግራት፣ ክሪስታል ማኘኳን አቆመች። ጉንጯ እንደ ሞላ ማልቀስ ጀመረች። ዕንባዋን እየዋጠች ሁሉንም ተናገረች፦ መኪናው የታላቅ ወንድሟ ነው፤ ከክፍሉ ደብቃ ነው ያወጣችው፤ እሱ ሲፈልገው ፈርታ ትምህርት ቤት ጠፋብኝ አለች።

አስተማሪዋ ወደ ሜሮን ጎንበስ ብላ፣ «ለምን ይሄን ያህል ፈለግሽው?» ብላ ጠየቀቻት።

ሜሮን በእንግሊዝኛ መለሰች። በቀለ ወዲያው አላስተረጎመልኝም። ጎኑን ነካሁት።

«‹ለአያቴ ውስጡን ላሳያት ነው› አለች። ‹ሰው እንደሌለበት ካላየች ሁለተኛ አታምነኝም።›»

ነጠላዬን አስተካከልኩ። የማደርገው ስላጣሁ ነው። መኪናዋን አንስቼ ጀርባዋን ተጫንኩ፤ ያው የማውቀው የተረጋጋ ድምፅ ወጣ። ገለበጥኳት። አራት ቡሎኖች አሏት። ሰው አይይዝም።

«አየሽ አያዬ?» አለችኝ በአማርኛ።

«እዚህ ውስጥ የለም፤ እውነት ተናግረሻል» አልኳት። «ድምፁን ግን የሆነ ሰው ሰጥቶታል።»

በቀለ ማንም ሳያዘው ይሄንንም አስተረጎመ። አስተማሪዋ ሳቀች። «ልክ ነዎት፣ ተዋናይ ነው፤ ፊቱን አያሳዩትም ትላለች» አለኝ። ሜሮንን አየኋት። ዓይኗን አጉረጠረጠችብኝ።

አስተማሪዋ እንግዲህ ነገሩ አለቀ ብላ ተነሳች። ልጆቹም ከስፖርት እየተንጫጩ ገብተው መቀመጥ ጀመሩ።

«በሕግ አምላክ!» አልኩ። ድምፄ ከፈለግሁት በላይ ወጣ።

በቀለን ላብ አጠመቀው። «እትዬ፣ ይሄን ምን ብዬ ላስተርጉመው?»

«እንዳለ።»

ምን እንዳለ አላውቅም፤ አስተማሪዋ ግን መልሳ ተቀመጠች።

«ሌባ የተባለችው በእነዚህ ልጆች ፊት ነው» አልኩ። «እንግዲያውስ ቃሉ በእነዚሁ ልጆች ፊት ይነሳላት። እዚህ ጥግ ተንሾካሹከን ብንጨርሰው ምሳ ሰዓት ላይ ማን አጠገቧ ይቀመጣል?»

አስተማሪዋ ፊቷ ቀላ። ከዚያ ተነሳች፤ ሰሌዳው ፊት ቆመች። በቀለ በጆሮዬ እየነገረኝ፣ «ሜሮን አልሰረቀችም። ሳላጣራ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ ሜሮን» አለች። ሃያ ልጅ ዞሮ ሜሮንን አየ። ሜሮን አንገቷ ረዘመ። አንዱ ልጅ እኔን እየጠቆመ የሆነ ነገር ጠየቀ፤ በቀለ፣ «‹ያቺ ዳኛ ናት ወይ?› እያለ ነው» አለኝ።

እዚህ ላይ ብንሄድ ሜሮን ተሸክማ ቤት ታደርሰኝ ነበር። ነገር ግን የጀመርኩትን መጨረስ ነበረብኝ። መኪናዋን ከጠረጴዛው አነሳሁና ክሪስታል እጅ ላይ አስቀመጥኩ።

«አያዬ!» ሜሮን ጮኸች። «የእኔ ነው! ከፍዬበታለሁ!»

«የወንድሟ ነው። የራሷ ያልሆነውን ልትለውጥልሽ አትችልም።»

«ዳቦ ቆሎውስ? በልታዋለች እኮ!»

«እሱን እኔ እክስሻለሁ። ዛሬውኑ ሌላ እጠብሳለሁ።»

«ዳቦ ቆሎ አልወድም!» አለች። ይሄንን በቀለ እንዳያስተረጉም በዓይኔ ከለከልኩት።

ደወሉ ተደወለ። በቀለ በመኪና ላድርሳችሁ ቢልም ሜሮን ኮቷን ሳትቆልፍ ወጥታ ሄዳለች። ተከተልኳት። ትናንት ሺኑክ የሚሉት ሞቅ ያለ ነፋስ ነፍሶ በረዶውን አቅልጦት ነበር፤ ሌሊት ብርዱ ተመልሶ ያንን ውሃ ሁሉ አግግሮታል። መንገዱ መስታወት ሆኗል። እሷ ከፊት፣ ቦርሳዋ ጀርባዋ ላይ እየዘለለ፤ እኔ ከኋላ፣ የሰው አጥር እየያዝኩ እንደ ዳዴ ልጅ።

«የማን አያት ነሽ አንቺ?» አለችኝ ሳትዞር። «የእኔ ነሽ የእሷ?»

«የአንቺ።»

«ታዲያ ለምን ለእሷ ፈረድሽ?»

«ለወንድሟ ነው የፈረድኩት። እሱ ምን አጠፋ?»

አጥሩ አለቀብኝ። ከዚያ ወዲያ ያለው ቁልቁለት ነው፤ የሚያዝ ነገር የለም። ቆምኩ። አልጠራኋትም፤ ፈርጄባት ስታበቃ ድረሽልኝ ማለት ነውር መሰለኝ። ጥቂት እርምጃ ሄዳ የጫማዬን ድምፅ ስታጣ እሷም ቆመች። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ወደ ኋላዋ ተመለሰች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ። ከዚያ ፊቷን ሳታዞር እጇን ወደ ኋላ ዘረጋችልኝ።

ያዝኩት። ጓንት አላደረገችም።

«አሁንም ተናድጃለሁ» አለች።

«ተናደጂ» አልኳት። «ቀስ ብለሽ ግን ውረጂ።»